በወረርሽኝ ወቅት ከማደንዘዣና ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚከሰት ሳል

የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው አራተኛ ቀናቸው ነው። ነርሷ ጠዋት አልጋቸው አጠገብ ስትደርስ የ58 ዓመቷ እናት ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ተቀምጠዋል። «እናቴ፣ ያስልዎታል?» ብላ ስትጠይቃቸው «የለም ልጄ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም» አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሳላቸውን ሲውጡ ማደራቸውን የተናገረችው በአጠገባቸው የተኛችው ታካሚ ናት።

ይህ ለሥልጠና የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ሆኖም በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሠራ ባለሙያ እንግዳ አይሆንበትም። እኒህ እናት የፈሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቆየ ፍርሃት ሲሆን፣ ካሳሉ ስፌቱ የሚፈታ ይመስላቸዋል። ሁለተኛውን ያመጣው ወረርሽኙ ነው፤ ማሳላቸው ከታወቀ ከልጃቸው ተነጥለው ወደ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳሉ። ስለዚህ ሳሉን አፍነው መያዝን መረጡ። ምርጫቸው ግን ከሁለቱም ፍርሃቶች የከፋ አደጋ አለው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳል ሳንባ ራሱን የሚያጸዳበት ዋነኛ መንገድ ነውና።

በባለሙያው በኩልም ስሕተት አይጠፋም። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ሳል የሰማ ሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ በሽታ ማሰቡ አያስደንቅም። ነገር ግን የሚያስል ታካሚ ሁሉ የኮቪድ ተጠርጣሪ ተብሎ ወደ ጥግ ሲገፋና ማንም ሳይቀርበው ሲውል፣ በሳንባው ውስጥ ያለው የደም መርጋት ወይም የሳንባ ምች ጊዜ ያገኛል። በተቃራኒው «የማደንዘዣው ቱቦ ጉሮሮውን ልጦት ነው፣ ይተወዋል» ተብሎ የታለፈ ታካሚ ቫይረሱን ለክፍሉ ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ከሁለቱ ስሕተቶች ለመዳን ሳሉ ከምን እንደ መነጨ፣ መቼ እንደ ጀመረና ከምን ጋር እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማደንዘዣ በመተንፈሻ አካላት ላይ የሚያደርገው

ሙሉ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦ በአፉ በኩል ገብቶ፣ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፎ፣ በአየር ቧንቧው ውስጥ ይቀመጣል። አየር እንዳያመልጥና የሆድ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ በቱቦው ጫፍ አካባቢ ያለችው ትንሽ ፊኛ በአየር ትሞላለች። የፊኛዋ ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ መካከል እንዲሆን ይመከራል። የግፊት መለኪያ በሌለበት የቀዶ ጥገና ክፍል ግን በጣት ዳሰሳ ብቻ ስለምትሞላ ከመጠን በላይ ልትወጠር ትችላለች፤ በዚህም የአየር ቧንቧው ግድግዳ ይጎዳል። ታካሚው ሲነቃ ማሳሉ፣ በማግሥቱም ጉሮሮውን መከርከሩና ድምፁ መጎርነኑ ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይህ የሚታየው ክፍል ነው። ከሥር ያለው የማይታይ ነገር ይበልጣል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጡንቻዎቹ ሲዝሉ ድያፍራም ወደ ደረት ከፍ ይላል፤ በሳንባ የታችኛው ክፍል ያሉት የአየር ከረጢቶችም ይጨፈለቃሉ። ይህ መኮማተር ሙሉ ማደንዘዣ ከሚሰጣቸው ሰዎች በአብዛኛዎቹ ላይ፣ ሳንባቸው ጤናማ በሆነውም ጭምር፣ ይታያል። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች በደረቁ ጋዝና በማደንዘዣው ምክንያት ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን በሰፊው የምንጠቀምበት ኬታሚን ደግሞ ምራቅንና የአየር ቧንቧ ፈሳሽን ያበዛል። ለሕመም የሚሰጡት እንደ ፔቲዲንና ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች የሳልን ግፊት ያዳክማሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ቁስሉ ሲታከልበት ታካሚው በጥልቀት መተንፈስን ይሸሻል፤ በተለይ ቁስሉ ከእምብርት በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ ያመዋል። የተጨፈለቀው የሳንባ ክፍል እንደ ተጨፈለቀ ይቀራል፤ አክታው ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያም መራቢያ ያገኛል።

ሌላው የሳል ምንጭ ትን ማለት ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ጠጣር ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ለ2 ሰዓት እንዲቆም የሚታዘዘው ታካሚን ለማስራብ ሳይሆን፣ ማደንዘዣው የጉሮሮን መከላከያ ስለሚያጠፋ የሆድ ዕቃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ይህንን ጾም ቤተሰብ በርኅራኄ ሲያፈርሰው ይታያል። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ገና በእንቅልፍ ስሜት ውስጥ ላለች ወላድ አጥሚት ወይም ገንፎ ማጉረስ ያው አደጋ አለበት። ታካሚዋ ሙሉ በሙሉ ነቅታ፣ ቀና ብላ ተቀምጣና ጥቂት ውሃ ያለ ችግር ውጣ እስክትታይ መታገሥ ይገባል።

ከወገብ በታች በሚሰጥ ማደንዘዣ ለወለዱ እናቶች ቱቦ ስለማይገባላቸው የጉሮሮ ቁስል አይጠበቅም። እንዲህ ዓይነቷ እናት በማግሥቱ ማሳል ከጀመረች «ቱቦው ነው» የሚለው ምክንያት እንደማይሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የማደንዘዣውን ዓይነት ከካርዱ ላይ ሳያነቡ ምክንያት መስጠት የተለመደ ነው።

ሳሉ መቼ ጀመረ?

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጣ ደረቅ ሳል፣ ትኩሳትም ሆነ የትንፋሽ ማጠር ካልተከተለው፣ በአብዛኛው የቱቦው ውጤት ነው። ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ቁም ነገሩ «እየቀነሰ» የሚለው ነው። በሁለተኛው ቀን ቀንሶ በአራተኛው ቀን የተመለሰ ሳል፣ ወይም በደረቅ ጀምሮ ወፍራምና ቢጫማ አክታ ማውጣት የያዘ ሳል ሌላ ነገር ነው። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ትኩሳት ጨምሮ የሚመጣ ሳል የሳንባ ምችን ያመለክታል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ኮቪድ-19ን ጭምር።

ጊዜ የማይሰጠው ድንገተኛው ነው። ታካሚው ሳያስበው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ካወጣ፣ በተለይም አንድ እግሩ ካበጠ፣ ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መድረሱ ሊጠረጠር ይገባል። ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታም በሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠሩን ያሳያል። እነዚህ ሁለቱ የኮቪድ ምርመራ ውጤት እስኪመጣ የሚጠብቁ አይደሉም። ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራል፤ ባለሙያውም ሙሉ የግል መከላከያውን ለብሶ ይቀርባል።

እንቅርት ለተሠራለት ታካሚ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ውሃ ሲጠጣ ብቻ የሚያስለው ከሆነ የድምፅ አውታርን የሚያዝዘው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ሳል በአንገቱ ውስጥ መድማትን ሊያስነሣ ስለሚችል አንገቱ ማበጡንና ትንፋሹ መጨነቁን በቅርብ መከታተል ግድ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ፣ እንዲሁም የዓይን ወይም የጭንቅላት ቀዶ ጥገና ለተደረገለት፣ ጠንክሮ ማሳልን ማበረታታት አይገባም፤ በጥልቀት መተንፈሱ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀዶ ሐኪሙ ይወስናል።

አንዳንድ ሳል ደግሞ ከቀዶ ጥገናው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ከቤት አብሮ የመጣ ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ለወራት የዘለቀ ደረቅ ሳል ሊኖረው ይችላል። አስም ያለበት፣ ዕድሜዋን በማገዶ ጭስ ውስጥ ያሳለፈች እናት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ሁሉም ያስላቸዋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በአገራችን የቲቢ ምርመራ የሚያስፈልገው ነው፤ ወረርሽኙ ይህንን ሥርዓት አልሻረም። ሁሉም ሰው ኮቪድን ሲፈልግ ቲቢ ያለበት ታካሚ «ኮቪድ የለበትም» ተብሎ ወደ ጋራ ክፍል ቢመለስ የተሠራው ሥራ ግማሽ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈታው ታካሚው ሲገባ በካርዱ ላይ በሚጻፍ አንድ መስመር ነው፦ «ሳል አለው ወይስ የለውም፤ ካለው ከመቼ ጀምሮ፤ ምን መድኃኒት ይወስዳል»። ከዚሁ ጋር ከማደንዘዣው በፊት የነበረው የአተነፋፈስ ቁጥርና የኦክስጅን መጠን ቢመዘገብ ጥቅሙ እጅግ ብዙ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የሚኖር ጤናማ ሰው ጣቱ ላይ የሚሰካው መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር በቆላ ከሚኖረው ዝቅ ሊል ይችላል። በአራተኛው ቀን የተነበበ 90 በመቶ መልካም ይሁን አስጊ መሆኑን ሊናገር የሚችለው የታካሚው የራሱ የቀድሞ ቁጥር ነው። ይህ መስመር ባዶ የሆነበት ካርድ ሌሊት ላይ ለሚደርስ ተረኛ ሐኪም ምንም አይነግረውም።

ኮቪድ-19ን መጠርጠር

በሽታው ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን፣ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን የጀመረ ሳል ታካሚው ከቤቱ ይዞት የገባው፣ ወይም ወረፋ ሲጠብቅ ያገኘው፣ ወይም ሊጠይቀው የመጣ ዘመድ ያመጣለት ሊሆን ይችላል። ሲገባ የተደረገለት ምርመራ ነጻ መሆኑ የዚያን ቀኑን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ስለ ዛሬው ዋስትና አይሆንም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት አሳይቷል። በ24 አገሮች ከሚገኙ 235 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ1,128 ታካሚዎች መረጃ ነው፤ ሁሉም በቀዶ ጥገናው ሰሞን በኮቪድ-19 የተያዙ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት የሳንባ ችግር ገጠማቸው፤ 23.8 በመቶ የሚሆኑት በ30 ቀን ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። ለዚህ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት መያዛቸው የታወቀው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት የታወቁት ከተሠሩ በኋላ ነው። ማለትም ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለው የመኝታ ክፍል በሽታው የሚታወቅበት ዋና ስፍራ ነበር።

ከኮቪድ ያገገሙ ሰዎችም ጥያቄ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. የታተመውና ከ140,000 በላይ ታካሚዎችን ከ116 አገሮች ያካተተው ጥናት፣ የማያጣድፍ ቀዶ ጥገና ከበሽታው በኋላ ቢያንስ ለ7 ሳምንት ቢዘገይ የሞት አደጋው ወደ ወትሮው እንደሚመለስ አመልክቷል። ከ7 ሳምንት በኋላም ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ያልተወው ሰው አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ቀጠሮው ይበልጥ ቢራዘምለት ይሻላል። ድንገተኛ ቀዶ ጥገና ግን በዚህ ምክንያት አይዘገይም።

በምሳሌው ወደ ተጠቀሱት እናት ስንመለስ፣ ነርሷ አልተቆጣቻቸውም። ጭምብላቸውን አስተካክላላቸው፣ መስኮቱን ከፍታ፣ የአተነፋፈስ ቁጥራቸውን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ 28 ነበር። ትኩሳታቸው 38.2፣ የኦክስጅን መጠናቸው 86 በመቶ ሆነ። ካርዳቸው ላይ የነበረው የመግቢያ ቀን ቁጥር 94 ነው፤ ሳልም አልነበራቸውም። ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ ሐኪም ተጠርቶ ለብቻቸው ወደሚሆኑበት ክፍል ተዛወሩ። ከመዛወራቸው በፊት ግን ወዴትና ለምን እንደሚሄዱ፣ ሕክምናቸው እንደማይቋረጥ፣ ከልጃቸው ጋር በስልክ እንደሚገናኙ ተነገራቸው። የኮቪድ ናሙና ተወሰደ፤ የደረት ራጅም ተነሡ። ራጁ የቀኝ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል መኮማተሩንና ምች መጀመሩን አሳየ። የምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ ፀረ ባክቴሪያ፣ የሕመም ማስታገሻና በጥልቀት የመተንፈስ ልምምድ ተጀመረላቸው። በአጠገባቸው የነበረችው ታካሚም ውጤቱ እስኪታወቅ ክትትል ተደረገላት። በማግሥቱ ቫይረሱ እንዳልተገኘባቸው ሲነገር፣ እሳቸው አክታቸውን ማውጣት ጀምረው ነበር።

ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ የሚለወጠው ጥቂት ነው። ክፍሉ የኮቪድ ማዕከል ይሆናል፤ በአጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ይለያሉ፤ ለኮቪድ የሚሰጠው ሕክምና ይታከላል። ሳንባቸውን ማጽዳት ግን በሁለቱም መንገድ የሚቀጥል ነው።

ሳሉን ሳያፍኑ ሌላውን መጠበቅ

ታካሚው እንዲያስል የሚጠየቀው ሕመሙ ከተገታ በኋላ ነው። «ትንሽ ይቻሉት» እየተባለ ማስታገሻው የተነፈገው ሰው ምንም ያህል ቢመከር አያስልም። በአፍ የሚሰጠው ማስታገሻ ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢሰጥ መልካም ነው። ከዚያም ጀርባው ተደግፎ ቀና ይበል፤ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ በቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይደግፍ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ በጥልቀት አየር ስቦ እስከ ሦስት ይቁጠርና ያውጣ፤ ይህንን አምስት ጊዜ ያህል ይደጋግም። ቀጥሎም ቁስሉን እንደ ደገፈ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያስል። ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ ቢደግመው ይመከራል። በደንብ የተሰፋ ቁስል በተደገፈ ሳል እንደማይፈታ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሊነገረው ይገባል፤ ልምምዱም ያኔ ቢጀመር ይቀላል፤ ቁስሉ እያመመው አዲስ ነገር መማር ለማንም ከባድ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ የሚታከለው ይህ ነው። ታካሚው ሲያስል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋል፤ ፊቱን ወደ መስኮት ወይም ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዞራል፤ አስተማሪው ነርስ ፊት ለፊቱ ሳይሆን በጎኑ ይቆማል። አክታው በሶፍት ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ይጣላል፤ እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባል። የአልጋዎች ርቀት 2 ሜትር እንዲሆን የሚቻለውን ማድረግ ያስፈልጋል። በየክፍሉ የተለመደው በቀጭን ቱቦ ውሃ ውስጥ የመንፋት ልምምድ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ከታካሚ ወደ ታካሚ አይዘዋወርም፤ ታካሚውም ለብቻው በሆነበት ቦታ ቢያደርገው ይሻላል።

ቱቦው በሚወጣበት ጊዜ የሚከሰተው ሳል ለቀዶ ጥገና ቡድኑ ልዩ ትኩረት ይሻል። በክፍሉ ውስጥ የግድ የሚያስፈልጉት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፤ የማደንዘዣ ባለሙያውም ኤን-95 ጭምብልና የዓይን መከላከያ ያደርጋል። አክታውን አስቀድሞ መምጠጥና ሳልን የሚያለዝብ መድኃኒት መስጠት ይረዳል። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች እንዳመለከቱት፣ የነቃ ሰው አስቦ የሚያስለው ሳል ቱቦ ከማስገባትም ሆነ ከማውጣት የበለጠ ጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ አየር ይበትናል። በቀዶ ጥገና ክፍሉ ሙሉ ልብስ የሚለብስ ሆስፒታል በመኝታ ክፍሉ ያሉትን ነርሶች በአንድ ቀጭን ጭምብል መተው የለበትም።

አስታማሚ የሌለበት የመኝታ ክፍል በአገራችን አይታሰብም፤ የሚያገላብጠው፣ የሚደግፈው፣ የሚያጎርሰው እሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ አንድ ማውረድና ያንን አንዱን በሚገባ ማስተማር በር ላይ ጠባቂ ከማቆም የበለጠ ይጠቅማል። ጋቢውን እንዴት እንደሚደግፍ እሱ ይማር። የሳል ሽሮፕ ከፋርማሲ ገዝቶ እንዳያመጣ ይነገረው፤ አንዳንዶቹ ሳልን የሚገቱ በመሆናቸው አክታው በውስጥ እንዲቀር ያደርጋሉ። መጠጣት ለተፈቀደለት ታካሚ ማር የገባበት ለብ ያለ ሻይ ለተላጠ ጉሮሮ መልካም ነው። ፌጦና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ማጠጣት ግን ማስታወክን ሊያመጣ ይችላል፤ አዲስ ቁስል ያለበት ሰው ማስታወክን አይችለውም። በፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠንም በደከመ ታካሚ ላይ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል።

ወደ ቤት ሲሸኝ ታካሚው ስለ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ሳሉም መመሪያ ይዞ ይሄዳል። ከቤት ከገባ በኋላ አዲስ ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማሽተትና የመቅመስ ችሎታ መጥፋት ከገጠመው ጭምብል አድርጎ ከቤተሰቡ ይለይ፤ በ8335 ወይም በ952 ነጻ የስልክ መስመር ደውሎም ቀዶ ጥገና የተደረገለት መሆኑንና የተሠራበትን ቀን ያስታውቅ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ደም ካሳለ ግን ስልክ ላይ ሳይቆይ ወደ ተሠራበት ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይሂድ።